በጋሽ ይመር ጋቢ ጫፍ

ሰሞኑን ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚኒባስ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጋቢ በካፊያ ርሶ ነበር። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የረጠበ ጥጥና የጭስ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለኝ። ሽታው የአሥረኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህሬ፣ የጋሽ ይመር ነው። በዚያ ሽታ ውስጥ ግማሽ ቀን ታስሬ አውቃለሁ።

ጋሽ ይመር ሰዋስውን የሚያዩት እንደ ሕግ ነበር፤ ሕግ ደግሞ ሙግት ይወዳል ይሉ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ካልተስማሙ እንደ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ያቆራኟቸዋል። አንዱ «ተረታሁ» እስኪል ቋጠሮው አይፈታም፤ ለእረፍት እንኳ የሚወጡት አብረው ነው። ተራው የራሳችን እስኪሆን ድረስ በሳቅ እንሞት ነበር።

እኔ የተቆራኘሁት ግን ከራሳቸው ጋር ነው። ለአገር አቀፍ ፈተናው አንድ ወር ቀርቶናል። «ለወደፊት ጊዜ ‹እኔ› እና ‹እኛ› ሲሆን ‹ሻል› ነው፤ ‹ዊል› ስህተት ነው» ብለው ሰሌዳው ላይ አሰመሩበት። እጄን አወጣሁ። የአክስቴ ልጅ ከደሴ ያዋሰኝ አዲስ መጽሐፍ ‹ዊል›ንም ይቀበላል አልኩ። መጽሐፉ ልክ ከሆነ የእሳቸውን ሕግ ይዘን የገባን ነጥብ እንጥላለን፤ የወደቀ ደግሞ እዚሁ ይቀራል። እኔ ከዚህ ከተማ የምወጣበት ሌላ በር አልነበረኝም።

ጋቢያቸውን ከነጠላዬ ጋር ቋጠሩት።

«መጽሐፉስ?»

«ቤት ነው፣ ጋሼ። የሰው ንብረት ነው ብላ እናቴ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።»

ወደ ሰሌዳው ሲሄዱ አብሬ እሄዳለሁ፤ ሲመለሱ እመለሳለሁ። እረፍት ተደወለ። ጓደኞቼ በመስኮት እያዩ ይንከተከታሉ። በመጨረሻ «ተረታሁ» አልኩ።

ቋጠሮውን ያዙት እንጂ አልፈቱትም። «አምነህ ነው ወይስ ለመፈታት?»

ዓይኔ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጓደኞቼ ሄደ።

«እንግዲያው መጽሐፉ ወዳለበት እንሂድ።»

የገበያ ቀን ነበር። በጆንያና በበግ መሃል ተቆራኝተን ስናልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። አንዲት ቅቤ ሻጭ «ኧረ በአላህ! ምን ሰርቆ ነው ጋሽ ይመር?» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ይመር ቆሙ። «አልሰረቀም። ከሳሹ እሱ ነው፤ የተከሰስኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ገበያው እስኪሰማ።

እናቴ ደንግጣ ሳጥኑን ከፈተች። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፊታቸው ሲጠወልግ አየሁ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ነገር ነው። ከዚያ እናቴ ፊት «ተረታሁ» ብለው ቋጠሮውን ፈቱልኝ። በማግስቱም ማን እንደረታቸው ለክፍሉ ተናግረው አዲሱን አስተማሩን።

ፈተናውን አለፍኩ፤ ወጣሁም። ስመረቅ ግን መልሰው የመደቡኝ እዚሁ ነው፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አድርገው። በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ መልሱን ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። ጋሽ ይመር ካረፉ ቆይተዋል። ለእኔ የተዉልኝ ድፍረታቸውን ቢሆን ምንኛ በወደድኩ፤ የተረፈኝ ግን የዚያ ገበያ ሐፍረት ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ስልኳን ይዛ ፊቴ ቆመች። «ቲቸር፣ ይኼ እኮ እርስዎ እንዳሉት አይደለም» አለችኝ። አነበብኩት። ልክ ነበረች።

«ተቀመጪ» አልኳት።

ተቀመጠች።