ልስልሱና ጠንካራው የዋና ጫማ

ባለፈው ሰሞን በከተማችን በታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ውስጥ፣ በአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ሳልፍ የጋለ ጎማ ሸተተኝና እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ቆሜ አሸተትኩ። ምን ላድርግ፣ ለእኔ የጋለ ጎማ የልጅነት ግቢያችን ሽታ ነው።

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት የከሰዓት ነፋስ የአባቴን ጀልባ አባያ ሐይቅ ላይ ገለበጠበት። እሱ ጀልባዋ ላይ ሙጭጭ ብሎ ተረፈ፤ ሞተሩ ግን ሰመጠ። ሞተር የሌለው ዓሣ አጥማጅ ምን እንደሆነ ልንገርህ? በሬው የሞተበት ገበሬ ማለት ነው። ጓደኞቹ ከሩቅ መረብ እየወረወሩ ሞተሩ ያለበትን አገኙና መረቡ ላይ ቢጫ ጀሪካን ለምልክት አሰሩ። ችግሩ፣ ሐይቁ ሞልቶ የዋጣቸው ግራሮች ስላሉ ጀልባ ወደዚያ አይጠጋም። ገመድ ይዞ የሚዋኝና የሚጠልቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያ ላይ ከቄጠማው ዳር አዞ አይጠፋም።

“እኔ እገባለሁ” አለ ታላቅ ወንድሜ።

“ሞተሩ ይቅር” አለች እናቴ። አባቴ ግን አልከለከለውም፤ እሺ ማለቱ መሆኑ ለሁላችንም ገባን።

ወንድሜ ከአንድ አስጎብኚ ጓደኛው ሁለት ጥንድ የዋና ጫማ ተውሶ መጣ። ያ ፊቱ እንደ ዳክዬ እግር የሚሰፋው የጎማ ጫማ ነው። ጥቁሩ ጠንካራ፣ ሰማያዊው ልስልስ። የትኛው ከአዞ ያስመልጣል? እኛ ቤት ከዚህ ሌላ ወሬ ጠፋ።

ፀሐዩ ግቢውን አግሎት፣ የጫማዎቹ ጎማ ይሸት ነበር። ወንድሜ የጫማውን ተረከዝ አግዳሚ ወንበር ላይ በድንጋይ ጫነና ከጫፉ ሙዝ የሞላበት ፌስታል አንጠለጠለ። እኔ አስምሪ ይዤ ጫፉ ምን ያህል እንደወረደ እለካለሁ። ሰማያዊው ጎንበስ ብሎ መሬት ሊስም ደረሰ። ጥቁሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ለካስ ወንድሜ በመሀል ከፌስታሉ ሙዝ እያወጣ ሲበላ ኖሯል!

“ሚዛኑን በልተኸው ምኑን ትለካለህ?” አለ አባቴ። ሞተሩ ከሰመጠ ወዲህ ገና ያን ቀን ሳቅን። ሙዙን ተክተን እንደገና ለካን፤ ጥቁሩ ጥቂት ብቻ ጎበጠ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ወጣን። ወንድሜ የሚያውቀው የሆቴል ዘበኛ እንግዶቹ ሳይነሡ ወደ ዋና ገንዳው አስገባን። አባቴ በስልኩ ሰዓት ይይዛል። በሰማያዊው ወንድሜ ሳይደክም ይመላለሳል፣ ፍጥነት ግን የለውም። በጥቁሩ ሲሆን ውሃውን ሰንጥቆ ይወረወራል።

“ጥቁሩ ነው! እስቲ አንዴ ድገመው” አለ አባቴ ደስ ብሎት።

ሲደግመው መሀል ላይ ፊቱ ተለወጠ። እንደምንም ጠርዙ ጋ ደረሰና በክርኑ ተንጠልጥሎ ባቱን ጨበጠ። “ምንም አይደል፣ ባቴን ያዘኝ” ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ጠንካራው ይፈጥናል፣ ግን እግር ያስራል፤ ልስልሱ እግር አያስርም፣ ግን አዞ ይደርስበታል። ወደ ሲቀላ ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ወንድሜ ጥቁሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ነፋስ ሳይነሣ ለመድረስ በሚቀጥለው ቀን በጠዋቱ አባያ ዳር ቆምን። ውሃው የሸክላ አፈር መልክ አለው፤ እጅህን ብትነክርበት ጣትህን አታየውም። የአባቴ ጓደኞች ጀልባቸውን አስነሥተው ይጠብቃሉ። ወንድሜ ገመዱን ወገቡ ላይ አሠረ፣ ጥቁሩን ጫማ አጠለቀ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ አባቴ ከውሃው ዳር እርጥብ ሣር ነጨ። በሁለት እጁ ይዞት በወንድሜና በሐይቁ መካከል ተንበረከከ።

በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ለጠብ የተሰለፈ ጎረምሳ እንኳ ይመለሳል። እሱን አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ መዓት ያመጣል። ግን ሽማግሌ በጠበኞች መሀል ይንበረከካል እንጂ አባት ለገዛ ልጁ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም።

“አባዬ ተነሥ፣ ሰው ያያል” አለ ወንድሜ።

“ይየኝ።”

“ሞተሩስ?”

“ሞተሩን አልወለድኩትም።”

ወንድሜ አለቀሰ። አባቴ ሣሩን አኖረና እንደተንበረከከ ጫማውን ከልጁ እግር ላይ ጎትቶ አወለቀለት። ከዚያ ያን ገንዳው ውስጥ የያዘውን ባት በመዳፉ ያሸው ጀመር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ የራሱ ሞተር አልኖረውም፤ እስኪያርፍ ድረስ በራችን ላይ ተቀምጦ የሰው መረብ ሲጠግን ኖረ። ሲጸጸት አልሰማሁትም። አንዳንዴ ግን ሥራውን አቁሞ ወደ አባያ አሻግሮ ያይ ነበር። ወንድሜ ያን ሲያይ የያዘውን ትቶ ይመጣና አጠገቡ ቁጭ ይላል፤ የመረቡን ሌላ ጫፍ ያነሣና አብረው ይጠግኑ ነበር።