ረሒማ ከተማ ስትመርጥ

ረሒማ ደሴ ያለውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቋን ለወንድሟ አስረክባ ወደ አሜሪካ ስትነሳ፣ ከባለቤቷ ከአብዱልሀሚድ ጋር የተስማሙት ለአምስት ዓመት ብቻ ነበር። ያልተስማሙት በየትኛው ከተማ እንደሚኖሩ ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው አብዱልሀሚድ ዲቪ ደርሶት ቀድሟት ሄዷል። ክረምቱን ሚኒያፖሊስ አሳልፎ "ሁለተኛ በረዶ አልጠርግም" ብሎ ላስ ቬጋስ ገባ፤ እዚያም ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች እንግዳ ያመላልሳል። የረሒማ ልብ ግን ዋሽንግተን አጠገብ፣ ታላቅ እህቷ ሃዲያ ዘንድ ነበር።

"ሦስት ወር እይያት" አላት አብዱልሀሚድ በስልክ። "ካልወደድሻት ወላሂ አንድ ቃል አልናገርም፤ ተያይዘን እህትሽ ጋ እንሄዳለን።"

ረሒማ እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ሰኔ ላይ ደረሰች። ከኤርፖርቱ በር ስትወጣ ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። የአውሮፕላን ሞተር አጠገብ የቆመች መስሏት ዞር ብላ አየች፤ ምንም የለም፤ አየሩ ራሱ ነው።

"እዚህ ሰው ይኖራል?" አለች።

ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው የላስ ቬጋስ ጎዳና ላይ የተከራዩት አፓርታማ ደህና ነበር፤ የሐበሻ ጎረቤትም አላጡም። አልገፋ ያላት ቀኑ ነው። ደሴ ከጠዋት እስከ ማታ ጨርቅ ስትለካ፣ ከደንበኛ ጋር ስትከራከርና ስትሳሳቅ የኖረች ሴት፣ ባሏ ከሺፍት እስኪመለስ መስኮት ስር ተቀምጣ የቆሙ መኪናዎችን ማየት ሆነ ሥራዋ። ሽንኩርት ለመግዛት እሱን መጠበቅ፤ ዘመድ ለመጠየቅ እሱን መጠበቅ። ሃዲያ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች። "ቁማር ቤት መሀል ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እንጂ!"

አንድ ረፋድ መጠበቁ አንገሸገሻትና በእግሯ ሱቅ ሄደች። ስትመለስ ፌስታሉ ተቀደደ፤ ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። አንድ ሁለቱን አነሳች፤ የቀረውን ትታ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ቤት ገባች። አብዱልሀሚድ ሲመጣ ጫማውን እስኪያወልቅ እንኳ አልጠበቀችውም።

"ትኬት ቁረጥልኝ!"

"እቆርጣለሁ" አለ ተረጋግቶ። "እስከዚያ ግን መሪ ያዢ።"

"ምን?"

"መኪና ተማሪ። ዋሽንግተን ብትሄጂም ይጠቅምሻል።"

ረሒማ በአርባ አራት ዓመቷ ብስክሌት እንኳ ነድታ አታውቅም። ነገሩ ግን አሳቃት፤ እየሳቀች እሺ አለች።

እሁድ ጠዋት ከተማው ዳር ወዳለው ማውንተንስ ኤጅ ወሰዳት። ሰፈሩ ገና እየተሠራ ነበር። አስፋልቱ ተነጥፏል፣ የመንገዶቹ ስም ተሰቅሏል፤ ቤቶቹ ግን ግድግዳ ያልለበሰ እንጨት ናቸው። ሰውም መኪናም የለም። ወንበር ተቀያየሩ።

"ቀስ ብለሽ... ፍሬን! ፍሬን ያዢ!"

"የቱ ነው?"

"ሰፊው!"

"ያ ረቢ!"

መኪናዋ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥታ ቆመች። ከደሴ በታች ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ እጁ ሲነዳ የኖረው አብዱልሀሚድ፣ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ አንቆ ይዞ ነበር። ተያዩ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"አንዴ ልድገመው" አለች። ያን ቀን አሥር ጊዜ ደገመችው።

በየእሁዱ ሄዱ። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች፤ ስቶፕ ምልክቱ ጋ ቀዝቀዝ አለች እንጂ አልቆመችም። "ሰው በሌለበት ለማን ልቁም?" እያለች ቤት እስኪደርሱ አብዱልሀሚድን ተከራከረችው። በሁለተኛው አለፈች። ደሴ ደውላ "ሹፌር ሆንኩላችሁ!" ስትል፣ ወንድሟ የምትቀልድ መስሎት ስልኩን ዘጋባት።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ሃዲያ እህቷን ይዛ ልትመለስ ራሷ መጣች። ኤርፖርቱ በር ላይ ተቃቅፈው ሲያበቁ ዙሪያዋን ቃኘች።

"አብዱልሀሚድ የታለ?"

"ሥራ ላይ ነው።"

"ታዲያ በምን እንሄዳለን?"

ረሒማ ቁልፉን አንቀጨለጨለች። ሃዲያ አሜሪካ አሥራ ሁለት ዓመት ስትኖር አንድም ቀን መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ ወይ ባሏን ወይ አውቶቡስ እንደጠበቀች ነው። ቀበቶዋን አጥብቃ ዱዓዋን ጀመረች። ረሒማ ፍሪዌይ ገባች፣ ሌይን ቀየረች፣ ሲልቬራዶ ራንች የሚባለው መውጫ ጋ ወጥታ ከአንድ የገበያ ማዕከል ፊት ለፊት፣ በሁለት መኪና መሀል ልክክ አድርጋ ፓርክ አደረገች።

"አንቺ! ይሄን መቼ ተማርሽ?"

"አንቺ ነይ ነይ ስትዪኝ።"

ሳምንቱን ሙሉ እህትማማቾቹ አብረው ዞሩ፤ ከከተማው ወጣ ብለው ያሉትን ቀያይ ተራሮች አዩ፤ አንድ ሆቴል ፊት የሚፈነጥቀው ውሃ በሙዚቃ ሲጨፍር አይተው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ሃዲያ የምትመለስበት ቀን ሲደርስ ጥያቄውን አነሳችው።

"ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?"

"እታለም፣ አንቺ ጋ ብኖር እኮ ደስ ይለኛል" አለች ረሒማ። "ግን እዚያ ያንቺ እንግዳ ነው የምሆነው። ይሄን ከተማ ራሴ ነድቼ ነው ያወቅሁት።"

ሃዲያ ጉንጯን ሳመቻት። "እንግዲያው በየዓመቱ የምመጣው እኔ ነኝ።"

ያ መኸር ሳያልቅ ረሒማ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ የሠራተኛ ልብስ በሚታደልበትና በሚጠገንበት ክፍል ተቀጠረች። ጨርቁን ዳብሳ ዓይነቱን ስትናገር አለቃዋ ሌሎቹን እየጠራች ታሳያቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ጭና፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ገና ያልጋለው ነፋስ ሻሿን እያርገበገበው ትነዳለች፤ ወሬውንም ሳቁንም የምትጀምረው እሷው ናት።