በንፋስ የተመታው ፊልትሮ

ሃያ ዓመት ያህል በነገሌና በዶሎ ኦዶ መካከል የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና ስለ አቧራ የሚያስተምረኝ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። ያን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ቀዩን አቧራ ከፊት ያለ መኪና አንዴ ካስነሳው ቶሎ አይወርድም፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ የታጠበ ሸሚዝ እንኳ አይለቅም። ሞተርን ከዚህ የሚያድነው አየር የሚያጣራው ፊልትሮ ነው። እኔ ደግሞ ፊልትሮ በመንከባከብ የታወቅሁ ሹፌር ነበርኩ፤ መኪናዬ ጥቁር ጭስ አውጥታ አታውቅም። ኋላ ጉድ የሠራኝም ይኸው ኩራቴ ነው።

ባለቤቴ የነገሌ ተወላጅ ናት፤ አስተማሪ ነች። አስም የጀመራት ከመኪና ተራው አጠገብ ያለውን ቤት ከተከራየን በኋላ ነው። ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ መኪናዬን በመስኮት ለማየት። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ከዚያ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝ። ወይ የምትኖርበትን ቤት ከአቧራ ጠብቅላት፣ ወይ ደጋ ውሰዳት፤ እንዲህ ያለው ሌላ ጊዜ ከመጣባት ላንደርስላት እንችላለን አለኝ። ደጋ እህት አላት። እሷ ግን ትምህርት ቤቷንና የእናቷን ደጃፍ ትታ የትም እንደማትሄድ ቁርጡን ነገረችኝ። ሰፈር እንቀይር ብላችሁ እንዳትመክሩኝ፤ ነገሌ ውስጥ አቧራ የማይደርስበት ሰፈር ያገኘ ካለ ለእኔም ይንገረኝ። ስለዚህ የቀረኝ ቤቱን መጠበቅ ነበር።

መላ ያሳየኝ ዶሎ ኦዶ ውስጥ የክትባት ማቀዝቀዣ ክፍሎችን የሚጠግን ባለሙያ ነው። ብዙ ጊዜ ዕቃ አድርሼለታለሁ። አንድ መጋዘን ሲፈርስ የተረፈ የግድግዳ ቬንትሌተር ከነሣጥኑ ሰጠኝና አሠራሩን አስረዳኝ። ከመንገዱ ተቃራኒ ያለውን ግድግዳ ትበሳለህ፤ ቬንትሌተሩ የውጭውን አየር ይስባል፣ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ክፍሉ ይገፋዋል። ክፍሉ በተጣራ አየር ሲሞላ በበርና በመስኮት ስንጥቅ አየር ይወጣል እንጂ አይገባም፤ አቧራውም ውጭ ይቀራል። ነገሩ ሲገባኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሦስት ዓይነት ፊልትሮ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። አንዱ እንደ ስፖንጅ የሳሳ፣ ሁለተኛው እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት መሳይ፣ ሦስተኛው ወፍራምና ድፍን ነው። መካከለኛውን ውሰድ አለኝ። ስፖንጁ ዝንብና ገለባ ያቆማል እንጂ የናንተን አቧራ አይችለውም። ወፍራሙ ሁሉን ይይዛል፣ አየሩንም ጭምር፤ ይህ ቬንትሌተር እሱን አልፎ ለመሳብ ጉልበት የለውም። መካከለኛው ደግሞ ሲጠቁር ይጣላል፤ አይታጠብም፣ አይራገፍም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔ ያን ቀን ቡዳ ሆንኩ። ጋቢ የሚመረጠው በውፍረቱ አይደል ወይ ብዬ ወፍራሙን አነሳሁ። ሰውየው አልተከራከረኝም፤ አንድ መካከለኛ አምጥቶ ጋቢናው ውስጥ ወረወረልኝ።

ወፍራሙን ገጠምኩት። ቬንትሌተሩ ያቃስታል እንጂ የሚገፋው ነገር የለም። ክር አንጠልጥዬ ፊቱ ያዝኩ፤ ክሩ ንቅንቅ አላለም። በሩ ሥር ያነጠፍኩት ነጭ ጨርቅ በሦስተኛው ቀን ቀላ፤ ሳሉም ባሰባት። አፍሬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በመካከለኛው ቀየርኩት። ክሩ ተነሳ፤ እዚያው ተንጠልጥሎ እንዲቀር ተውኩት፤ ጨርቁም ነጭ እንደሆነ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ወራት አልረሳቸውም። ባለቤቴ ደብተር ስታርም ትንፋሽ ለመሰብሰብ ማረፍ ተወች። መኝታዋ ላይ ቁጭ ብላ ማደርም ቀረ። በአፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒቷን ሳትነካው ሳምንት ያልፍ ጀመር። እኔም የዳንኩ ያህል ተሰማኝ።

ቀዳዳውን ያልወደዱት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ፤ አዴ ብለን የምንጠራቸው አሮጊት ናቸው። ንፋስ ይመታታል፣ ዝጋው ይሉኛል በመጡ ቁጥር። አልፈርድባቸውም። በዚህ አገር አውቶብስ ውስጥ ሰው በላብ ተጠምቆ ሳለ መስኮት የከፈተ ምን እንደሚደርስበት ስንት ዓመት አይቻለሁ። ሙቀት ገደለኝ የሚል የለም፤ ገዳዩ ሁልጊዜ ንፋስ ነው።

በሦስተኛው ወር ፊልትሮው ጠቆረ። በዚያን ጊዜ ወገቤን ታምሜ መንዳት ትቼ ነበር። ዶሎ ደወልኩ፤ ባለሙያው አዲስ ፊልትሮ በጭነት መኪና ላከልኝ፤ መኪናዋ መንገድ ላይ፣ ፊልቱ ከተማ ተበላሽታ ቆመች። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ክሩ ወደ ታች እያዘነበለ መጣ። ባለቤቴ በየቀኑ ቀና ብላ ታየዋለች። ይህ አስተያየቷ ነው ያስጨነቀኝ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ስትሄድ ጠብቄ ፊልትሮውን አወጣሁና ወደ ጋራዥ ይዤው ሄድኩ።

የጋራዡ መካኒክ የድሮ ወዳጄ ነው። አካም፣ ናጋ ተባብለን ሰላምታውን ገና ሳንጨርስ ዕቃውን ከእጄ ተቀበለኝ። "በንፋስ ልምታልህ?" አለኝ። ጋራዥ ውስጥ በኮምፕሬሰር ማጽዳት በንፋስ መምታት ይባላል፤ የመኪናዬን ፊልትሮ እንደዚያ ስንት ጊዜ አስመትቻለሁ። ምታልኝ አልኩት። ቀዩ አቧራ እንደ ጉም ወጣ፤ ወረቀቱ ነጣ። ወስጄ መልሼ ገጠምኩት። ክሩ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ብሎ ተነሳ። እንዲያውም ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ከፍ ብሎ ተነሳ፤ ይኼ ነበር ሊያስጠረጥረኝ የሚገባው።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ቀና ብላ አየችው።

"መጣ እንዴ? አዲስ ነው?"

"አዲስ ነው" አልኳት።

የዋሸኋት ፊቷ ሲፈታ ማየት ፈልጌ ይመስለኛል።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ኃይለኛ ንፋስ ተነሳ። መኪና ተራው ቀልቶ ሰማይ አይታይም ነበር። ባለቤቴ በሯን ዘግታ የፈተና ወረቀት እያረመች ነው። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ቬንትሌተሩ ሲሠራ እየሰማሁ ኮርቼ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ፉጨቱን ሰማሁ። ገብቼ ሳያት በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ይዛለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሲጨንቃት በኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ "ሀፉራ" አለችኝ፤ ትንፋሽ ማለቷ ነው። መድኃኒቱን ፍለጋ ቦርሳዋን ገለበጥኩ፣ መሳቢያውን አወጣሁ፣ ትራሱን አነሳሁ። የለም። እሷ በእጇ ወደ ትምህርት ቤቱ በኩል ታሳየኛለች፤ እኔ አልገባኝም። ተሸክሜያት ወጣሁ፤ ወገቤ አልታወሰኝም። ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አድርጌ ትንፋሿን እቆጥራለሁ፤ በአንዱና በሌላው ትንፋሽ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ሆስፒታል ስንደርስ ከእጄ ተቀብለው አስገቧት።

ኦክስጅን ሰጧት፤ ተረፈች። ከቀለላት በኋላ ቤት ልብስ ላመጣላት ሄጄ ፊልትሮውን ነቀልኩና ወደ ፀሐይ አነሳሁት። እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ለመኪና ፊልትሮ የሚስማማው የኮምፕሬሰር ንፋስ ለዚህ ወረቀት በዝቶበታል።

በማግስቱ ከሆስፒታል ስንመለስ አዴ አሮጌ ጨርቅና ላስቲክ ይዘው በር ላይ ጠበቁን። "አላልኩም? ንፋስ ነው የመታት" አሉ። የመጣው ጠያቂ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ባለቤቴም ደክሟት ነበርና እውነታቸውን ይሆናል፣ ይደፈንና እህቴ ጋ ልሂድ አለች። ያን እንቢ ያለችውን ደጋ በገዛ አፏ ጠራችው። እኔ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ንፋስ ተከሷል፣ ተፈርዶበታል። ጨርቁን ከአዴ እጅ ተቀብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ጨርቁን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ። ወረድኩ።

"አዴ፣ እርስዎ እንዳሉት አይደለም" አልኳቸው። ከዚያ ወደሷ ዞርኩ። "ንፋስ አልመታሽም። ፊልትሮውን በንፋስ ያስመታሁት እኔ ነኝ። አዲስ አልነበረም።"

አዴ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ባለቤቴ ቀና ብላ ቀዳዳውን አየች።

"አዲስ ነው ስትለኝ አምኜህ" አለች፣ "መድኃኒቴን ትምህርት ቤት ተውኩት።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱ ፊልትሮ በሚቀጥለው ሳምንት ከፊልቱ ደረሰ። የተጠቀለለበትን ላስቲክ የቀደደችው እሷ ናት። ወንበሩን ያዝ አለችኝ፤ ያዝኩ፤ ወጥታ ራሷ ገጠመችው። ደጋ አልሄደችም። ይኸው ዓመታት አልፈዋል፤ ፊልትሮው በየሦስት ወሩ ይቀየራል፣ ደረቷም አያፏጭም። መድኃኒቱ ግን ቤት ውስጥ ሳለች እንኳ ከኪሷ አይወጣም። ሌሊት ልብስ ስትቀይር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ስታዛውረው አያታለሁ፤ አቧራውን ፈርታ አለመሆኑንም አውቃለሁ።