ለመርየም እንቁላል የምትጥለው ዶሮ

ሳፊያ በቧንቧ ውሃ ሰፈር ዶሮ አዋቂ ነበረች። ዶሮው መጣል ያቆመችበት ሁሉ ወደ እሷ ይልካል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ግን ጥሬ ጠፍቶ ከአምስት ዶሮዎቿ የተረፈቻት አንዲት ቀይ ዶሮ ብቻ ነበረች። የዶሮዋም እንቁላል የልጇ የመርየም ነበር። መርየም ሳንባዋን ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እንቁላል ትብላ ተብሏል። ሳፊያ ሳምንቱን ያጠራቀመችውን ቀቅላ፣ እንዳይፈርስ ከነቅርፊቱ በነጠላዋ ቋጥራ፣ በየጁምዓው በእግሯ ትወስድላታለች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ከጁምዓ ወዲህ አንድም ያልጣለችው ዶሮ ጥግ ይዛ ቆማ ተገኘች። ክንፏን ጥላ ታምጣለች፤ ጥሬ ቢበተንላትም አታይም። ሳፊያ ከጭራዋ በታች በሁለት ጣት ዳሰሰቻት። እንቁላሉ እዚያው ነው። ግን ይሰረጉዳል፤ ቅርፊት አልያዘም።

ምክንያቱ ወዲያው ገባት። ድሮ ቅርፊቱን አምሳና ፈጭታ መልሳ ለዶሮዎቹ ትሰጥ ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን ቅርፊቱ ሁሉ ቦሩ ሜዳ ቀርቷል። በፈንታው አጥንት መፍጨት ነበረባት፤ በልጇ ሐሳብ ተይዛ ረሳችው።

ጎረቤቷ ጋሽ አብዱልወሀብ ቢላቸውን ይዘው መጡ። በግቢው ዙሪያ የቀሩት ሙስሊም ወንድ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ገሚሱ ሰፈራ ሄዷል፣ ገሚሱ ሥራ ፍለጋ ሐርቡ ወርዷል። ሴት ለዕርድ ቢላ ማንሳት ደግሞ በሰፈሩ አልተለመደም።

«ቶሎ ወስኚ ሳፊያ። የቀበሌ ጥበቃ ተራዬ ነው፤ ከገባሁ እስከ ማታ አልወጣም። ከሞተች በክት ናት።»

ዶሮዋን አቅፋ የያዘችው ክርስቲያኗ ጎረቤቷ አትጠገብ ነበረች። «ይረዱልሽ እንጂ! እኔ እንደሁ አልበላት፣ ላንቺው ብዬ ነው። ለልጅቱ ሾርባ ይሆናታል።»

«ሾርባው ላንድ ቀን ነው። ከዳነች እስከ ፋሲካችሁ ትጥላለች።»

«ወይ አንቺ! ለሰው አዋላጅ በጠፋበት አገር የዶሮ አዋላጅ ሆንሽ?»

ሳፊያ ሳቋ መጣ። «ጋሽ አብዱልወሀብ፣ እርስዎ ይሂዱ። ወላሂ ይወጣል።»

«ወላሂ አትበይ፤ ኢንሻአላህ በይ» ብለው ቢላቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ወጡ።

ሳፊያ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቀድታ ዶሮዋን እስከ ሆዷ ነከረቻት፤ ውሃው ሲበርድ ትቀይራለች። ከዚያ አድርቃ፣ ጥቂት የኑግ ዘይት በጣቷ ቀባችላትና ጨለም ያለ ሞቃት ቦታ አስቀመጠቻት። ሆዷን አልተጫነችም፤ የሚጫን ሰው እንቁላሉን ውስጥ ይሰብረዋል። ቅርፊቱ ጠንካራ ቢሆን ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለስላሳውን ግን ዶሮዋ ብትገፋውም ይሟሽሻል እንጂ አይወጣም።

እኩለ ቀን ላይ ዶሮዋ አንዴ በኃይል አማጠች። አስኳሉ ፈሰሰ፤ ስስ ሽፋኑ ውስጥ ቀረ። ሳፊያ የሚታየውን ስባ አወጣች፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠበች።

«አሁንም አልመሸም፤ ውሰጂያት» አለች አትጠገብ።

«ትንሽ ልጠብቅ።»

አስር ሰዓት ላይ የዶሮዋ አንገት ዘመመ። ሳፊያ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቀበሌው ሮጠች። ጋሽ አብዱልወሀብ ጠመንጃ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ነጠላውን ገለጥ አድርገው የዶሮዋን ደረት ነኩ።

«አልቃለች» አሉ። «ገደል ጣያት፤ ለውሻ ትሁን።»

ጁምዓ ዕለት ሳፊያ አንድ እፍኝ ቆሎ ቋጥራ ቦሩ ሜዳ ሄደች። መርየም ቋጠሮውን አየችው።

«እንቁላሉስ እማ?»

«ዶሮዋ ታቅፋለች።»

«ስንት አሳቀፍሻት?»

«አምስት።»

መርየም ፊቷ በራ። በጣቷ ስትቆጥር ሳል አቋረጣት፤ እንደገና ጀመረች።

«ሃያ አንድ ቀን አይደል? እንግዲያ እንዳትነኪያት። እስከዚያ ያለ እንቁላል እቆያለሁ።»

«እሺ» አለች ሳፊያ፤ ቆሎውን ፈታችላት።