ለጋሽ ታደሰ የላክሁት ሰላምታ

በእኛው መሀል ይቅር፤ ዛሬ ለሞተ ሰው ሰላምታ ልኬያለሁ።

ራስ መኮንን ድልድይ ጋ የድሮ ጎረቤቴን፣ የጋሽ ታደሰን ባለቤት እትዬ አስካለን አገኘኋቸው። ጥቁር መልበሳቸውን እንኳ ልብ ሳልል፣ "ጋሽ ታደሰን ሰላም በሉልኝ! አሁንም ዳማ ላይ ያጭበረብራሉ?" አልኳቸው እየሳቅሁ።

"ቀበርነው እኮ ልጄ። ዛሬ አሥረኛ ቀኑ" አሉኝ። "ስትቀሪ ጊዜ አሟት ይሆናል ብዬ ነበር።"

ማልቀስ ነበረብኝ። እንባው አልመጣልኝም።

ሰፈራችን ፈርሶ ከተበተንን ወዲህ የእድራችን ጡሩምባ ቀርቶ መርዶ የሚነገረው በስልክ ግሩፕ ነው። ግሩፑ ያለበት መተግበሪያ ደግሞ በአገር ደረጃ ከተዘጋ ሰነበተ። ሌላው ሁሉ "አይታዋለች" ብሎ አልደወለልኝም።

የተዘጋውን የሚያስከፍት ቪፒኤን የለኝም እንዳልል፣ ይሄንንም የምለጥፈው በእሱ ነው። በየቀኑ እከፍተዋለሁ፤ ለወሬ። ለእድሩ ብዬ ግን አንድ ቀን አልከፈትሁትም።

ለእድሩ ጸሐፊ ደወልሁ። "አይዞሽ፣ መላ አግኝተናል" አለኝ። "ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ማንም የማይዘጋው፣ ማንም የማያነብብን መተግበሪያ አለ። መልእክቱ ከአንዱ ስልክ ወደ ጎረቤቱ ስልክ እየዘለለ ይደርሳል።"

"የቱ ጎረቤት?" አልሁት። "እኔ በከተማው አንድ ጫፍ ገላን፣ አንተ በሌላው ጫፍ አያት ሰፈር።"



እናንተስ፣ መስመር ሲዘጋ የማን ለቅሶ፣ የማን ሠርግ አመለጣችሁ? ጻፉልኝ፤ መክፈት የቻላችሁ።

ነገ እትዬ አስካለ ቤት ሄጄ ለቅሶ እቀመጣለሁ። በሩን ከከፈቱልኝ እነግራችኋለሁ።