ጋሽ መስታወትና የመጨረሻዋ ክሪስታል

ድንጋይ ሞርዶ ፊት እስኪያሳይ ስለሚያለሰልስ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት ሁሉ «ጋሽ መስታወት» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። የእሳተ ገሞራ አጥኚዎች ከተራራ የለቀሙትን ያመጡለታል፤ እሱ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ ይወለውላል። አንድም ቀን «አበላሸ» ተብሎ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን እጁ ከዳው። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰማ። ቀጥሎ የቤቱ ቁልፍ ቀዳዳውን እየሳተ አስቸገረው።

«ምነው፣ በረደህ እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«አዎ፣ ብርድ ነው» አላት፣ በጠራራ ፀሐይ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ተመራማሪ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን፣ ትንሽ ሣጥን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ከአርባ ሁለቱ ክሪስታሎች የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት። ሌሎቹ ተሰንጥቀው ጋዛቸው አምልጧል።»

በሙጫ የተያዘች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ አረንጓዴ ክሪስታል ነበረች። ምድር ውስጥ፣ በቅልጥ ዓለቱ መሀል ስታድግ አንዲት የቅልጡን ጠብታ ውስጧ ቆልፋ አስቀርታለች። ቅልጡ ወደ ላይ ሲወጣ ውኃውንና ጋዙን ይበትናል፤ የተቆለፈችው ጠብታ ግን መስታወት ሆና ጓዟን እንደያዘች ትቀራለች። ክሪስታሏ በምን ያህል ጥልቀትና ሙቀት መጠንከር እንደጀመረች የሚታወቀው ከእሷ ነው። ችግሩ ጠብታዋ ከፀጉር ትቀጥናለች። ትንሽ ብቻ ከተወለወለ የመለኪያው መሣሪያ አይደርስባትም፤ ትንሽ ከበዛ ደግሞ ከብናኙ ጋር ትጠረጋለች።

«ለሐሙስ ይደርሳል» አላት።

ሰኞ አልነካትም። ማክሰኞ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ወለወለ። ረቡዕ ልቡን አጀግኖ የመወልወያው ጨርቅ ላይ ሲያሳርፋት እጁ ዘለለ፤ ሙጫው ጠርዝ ላይ ጭረት ወጣ። ክሪስታሏ ግን አልተነካችም። መሳቢያው ውስጥ ቆልፎባት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ልናገር ቢል ከሥራ መባረሩ ታየው፤ ዝም ልበል ቢል የልጅቷ የሁለት ዓመት ልፋት መና መቅረቱ። ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ሐሳብ ብቻ እየበላው ዋለ።

ሐሙስ በሩ ተንኳኳ።

«አለቀች፣ ጋሼ?»

«አልጀመርኳትም።» ቀኝ እጁን ዘረጋላት። ጣቶቹ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ። «ስምንት ወሩ ነው። ደብቄሽ ነበር፣ ልጄ።»

ልጅቷ እጁን አየች።  ከዚያ የሥራ ጋዋኑን ከመስቀያው አውርዳ ለበሰች።

«እጅዎ ነው እንጂ ጭንቅላትዎ አይንቀጠቀጥም አይደል?»

«እሱስ ድሮም የተነቃነቀ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልሥራ።»

ከጎኗ ቆመ። «ቀስ! ጨርቁ ይሥራ እንጂ አንቺ አትግፊ» ይላታል። ሦስት ዙር ስታሽ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፤ እንደገና ሦስት። ጠብታዋ ከሥር ብዥ ብላ ታየች፤ እየቀረበች መጣች። እሱ ትንፋሹን ውጦ የጨርቁን ድምፅ ብቻ ያዳምጣል።

«በቃ!»

«ገና ይመስለኛል፣ ጋሼ። አንድ ዙር ብቻ...»

«በቃ አልኩሽ!»

እጇን አነሳች። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች፤ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጠብታዋ ጠርዟ ጥርት ብሎ ልክ ላዩ ላይ ወጥታለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ጠብታዋ የያዘችው ውኃና ጋዝ ከተገመተው በላይ ነበር፤ ክሪስታሏ መጠንከር የጀመረችው ሦስት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ሳይሆን ስምንት ላይ ኖሯል። ተራራው ቅልጡን የሚያጠራቅመው ሁሉም ካሰቡት ይበልጥ ጠልቆ ነው ማለት ነው።

ጋሽ መስታወት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ክኒኑ መንቀጥቀጡን ቢቀንስለትም አልተወውም። የላቦራቶሪው ኃላፊ አላባረረውም፤ አሠልጣኝ አደረገው። እሱ ግን ሌላ ሰው ሲወለውል ቆሞ ማየት ይብስበታል። ክሪስታሉ ጨርቁን ሲነካ ኮሪደር ላይ ወጥቶ እየተንጎራደደ፣ በየደቂቃው አንገቱን በበሩ አስግጎ «ቀስ! ቀስ!» ይላል።