ሚሊሳቭ ያስተካከለው ፍሬን

ልብስ ሰፊው ሚሊሳቭ በሰፈራችን የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ ትነዳለች፣ እሱ ጎኗ ይቀመጣል። እዚህ ቻቻክ ከተማ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ያረጀ ወንድ ለመጠጥ ቤቱ የዓመት ሙሉ መሳቂያ ነው። "ሚሊሳቭ፣ ዛሬስ ወይዘሮዋ የት ይዛህ ልትሄድ ነው?" ይሉታል። "ሞራቫ ወንዝ፣ አሳ ልታበላኝ። የእናንተዎቹ እንኳን አሳ፣ እራትም ቆጥበው ነው የሚሰጧችሁ!" ይልና የፕሪም አረቄውን ግጥም ያደርጋል። ለነገር መልስ አያጣም ነበር።

እኔ ስታሜንካ እባላለሁ፣ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤታቸው ነኝ። አፈኛ ነሽ ይሉኛል፤ ይበሉ። የማወራው ያየሁትን ነው።

ያቺን ትንሽ ነጭ መኪና፣ እኛ ፊቻ የምንላትን፣ የገዛችው ሚስቱ ዛጎርካ ናት፤ በራሷ ደመወዝ። አዋላጅ ነበረች። በበረዶም በጭቃም መንደር ለመንደር እየዞረች የዚህን አገር ግማሽ ሕዝብ የተቀበለችው በዚያች መኪና ነው፤ የእኔንም ሁለት ልጆች ጭምር። ጡረታ ስትወጣ መኪናዋ መጋዘን ገባች፣ ዶሮዎቼም ወንበሩ ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር። ከዚያ ዛጎርካን መርሳት ያዛት። መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣደችውን ድስት ረሳች፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ በመጨረሻ ሚሊሳቭን። አንድ ቀን ጠዋት "ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለችው። አብሯት ያደረውን ሰው! ወይ ፈጣሪ፣ ይህን ከማየት ምናለ ቀድመህ ብትወስደኝ አልኩ።

እሱ ግን አንድ ነገር አየ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በመንገዱ መኪና ሲያልፍ እግሮቿ ምንጣፉን ይረግጣሉ። ግራው ይረግጣል፣ እጇ ማርሽ ይቀይራል፣ ቀኙ ይከተላል።

"አየሽ ስታሜንካ?" አለኝ አጥሩ ላይ ተደግፎ። "ጭንቅላቷ ይርሳኝ፤ እግሯ አልረሳም። ፊቻዋን አድሼ መሪ ባስጨብጣት ትመለስልኛለች።"

"አንተ ሰውዬ፣ በመርፌ መኪና ልትጠግን ነው?"

"ሌላ ምን ቀረኝ?"



የጠገነለት ቲሆሚር የሚባል መካኒክ ነው፤ አሮጌ መኪና ካየ እህል ውሃ የማያሰኘው ሰው። ዝገት የበላውን ወለል እሱ በየደ፣ የዶሮዎቼን ወንበር ሚሊሳቭ በአዲስ ጨርቅ ሰፋ። ክረምቱ በዚሁ አለፈ። መኪናዋ ልታልቅ ስትል ቲሆሚር ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየና ሳቁ አመለጠው።

"ና እስቲ ይህን ጉድ እይ! ፍሬኑ ከፍሪሲዮኑ ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። አንዱ ሰገነት ላይ፣ አንዱ ምድር ቤት!"

"ታዲያ አይነዳም?"

"መንዳቱንማ ይነዳል። ግን በጊዮርጊስ ዕለት አደባባይ ስናሰልፋት፣ ቄሱ ጠበል ሳይረጯት በፊት የአሮጌ መኪና ማኅበሩ ሰዎች ይስቁብናል። ስትሠራ ሁለቱም እኩል ነበሩ።"

ሌላ ሰው ቢሆን "ይሳቁ" ብሎ ይተወው ነበር። ሚሊሳቭ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰው መስታወት ፊት አቁሞ፣ ራሱ ተንበርክኮ፣ የሱሪ ጫፍ ሲያስተካክል የኖረ ነው። የተንጋደደ ነገር ሲያይ ያመዋል። የእኔ መጋረጃ ዘመም ካለ እንኳ ከአጥር ማዶ ይጮህብኛል። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሁለቱን መርገጫዎች ከወለሉ ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ደሙ ፈላ።

"አርባ ዓመት በዚህ ስትሰቃይ ኖረች? እኩል አድርግልኝ!" አለ።

ቲሆሚር መርገጫውን ከፍሬኑ ፓምፕ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ አወጣ። መሃሉ ላይ የቆየ ብየዳ ነበረበት። "የሆነ ቀጥቃጭ ቀጥሎ አስረዝሞታል፤ ሥራ ፈት!" ብሎ ቆረጠና በልኩ አደረገው። ፍሬንና ፍሪሲዮን ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ሚሊሳቭ ሜትሩን በላያቸው አጋድሞ አየና እንደ ልጅ አጨበጨበ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እኔም አብሬው አጨበጨብኩ።

የጊዮርጊስ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዛጎርካን ደግፎ ወደ ግቢው አወጣት። ቲሆሚርና እኔ አጥሩ ጋ ቆመናል። መኪናዋን ዞራ አየቻት፣ ጣሪያዋን ዳሰሰች፣ ማንም ሳይነግራት የነጂውን በር ከፍታ ገባች። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሲነሳ የሴትዮዋ ፊት፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ተለወጠ። አንገቷን በመስኮት አውጥታ ጮኸች፦

"ሚሊሳቭ! ምን ትገተራለህ? በሩን ክፈት እንጂ፣ ሰው ምጥ ላይ ነው!"

ሚሊሳቭ አለችው! በስሙ ጠራችው! ሰውየው እያለቀሰ፣ እየተደናቀፈ ሮጦ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና እንደ ጥንቱ ልትጭነው የበሩ ምሰሶ ጋ ቆሞ ጠበቃት። እሷም ቀስ ብላ መጣች። ልታቆም ቀኝ እግሯን ወደ ለመደችው ቦታ ሰነዘረች። ቦታው ላይ ምንም የለም። እግሯ አየር ረገጠ፣ ደግማ ረገጠች፣ አሁንም አየር። መኪናዋ አላቆመችም። ሚሊሳቭ ዘሎ ሲያመልጥ ምሰሶውን ገጨችው። መብራቱ ረገፈ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ዛጎርካ ግን ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

"ይቺ የእኔ መኪና አይደለችም! ማነው እዚህ ያስገባኝ? ወደ ቤቴ ውሰዱኝ!" ትላለች፣ በገዛ ግቢዋ።

እኔ አስገብቼ አስተኛኋት። ስመለስ ሚሊሳቭ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

"ቀኝ እግሯ" አለኝ።

"ተመታች እንዴ?"

"አጭር ነው እኮ! በልጅነቷ ከድርቆሽ ጋሪ ወድቃ ተሰብሮ አጥሮ ነው የገጠመው። ወንድሟ ራዲሻ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ዘንጉን ያስረዘመላት እሱ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል? ፍሬኑን ወደ እግሯ አመጣላት።" እጆቹን አገላብጦ አያቸው። "ቀሚሷን ሁሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ስታሜንካ። ስትቆም ጫፉ እኩል እንዲሆን በቀኝ በኩል ሁለት ጣት አሳጥሬ ነበር የምቆርጠው። ሰው እንዳያውቅባት። ይህን ሳደርግ ኖሬ... ጎኗ ተቀምጬ መንገዱን ነበር የማየው። እግሯን አንድ ቀን ዝቅ ብዬ አላየሁም።"

ምን ይባላል? "አይዞህ" አልኩት፤ ራሴም ያላመንኩትን። ደግሞስ ቲሆሚርን ልርገመው? እሱም ጥግ ይዞ ያለቅሳል።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ሳለ እነሱ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ቲሆሚር ዘንጉን እንደገና ቀጠለው፣ ሚሊሳቭ ሁለቷን ጣት ለካ፣ ፍሬኑ በቀድሞ ቦታው ቆመ። ዛጎርካን ሊያስገቧት ሲሞክሩ ግን በሩን ይዛ አልገባም አለች። ሌላ ቀን ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ መኪናዋን ስታይ ፊቷን ትሸፍናለች። አሁን በመንገዱ መኪና ቢያልፍም እግሮቿ ዝም ብለዋል።

ሚሊሳቭ ግን አልተወም። ያቺን መርገጫ ሲነካካ ይውላል። ባለፈው ሳምንት ግማሽ አካሉን መኪናዋ ውስጥ ቀብሮ ሲታገል፣ ዛጎርካ ሰሃን ይዛ ከቤት ብቅ አለች። በስኳር የተቀቀለ ፕሪም፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። እኛ ዘንድ ይህ የሚቀርበው ለእንግዳ ነው፤ ለቤት ሰው ማንም አያቀርብም።

"ይቅመሱ፣ ጌታዬ" አለችው በትሕትና። "ደክመዋል። ባለቤቴ አሁን ይመጣል፤ ሳያገኙት እንዳይሄዱ።"

ሚሊሳቭ እጁን በሱሪው ጠረገ። እንደ ደንቡ አንድ ማንኪያ ቀመሰ፣ ውሃውንም ጠጣበት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ" አላት። "እጠብቀዋለሁ።"